የሕፃናት የዘረ-መል ምርመራ መመሪያዎች ከቦዲቲ ሲነበቡ፦ ሂሳዊ ቅኝት

የዕድገት መዘግየት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም አብሮ የሚወለድ የአካል ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት የችግራቸው መንስኤ እንዴት እንደሚፈለግ የሚደነግጉ መመሪያዎች ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት በፍጥነት ተለዋውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የባለሙያዎች የጋራ ስምምነት ክሮሞዞማል ማይክሮአሬይ የተባለው ምርመራ የቀድሞውን የክሮሞዞም ቆጠራ ተክቶ ቀዳሚ እንዲሆን ወሰነ። በ2014 የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ይህንኑ ተቀብሎ ለሕፃናት ሐኪሞች ሰፊ መግለጫ አወጣ። በ2021 ደግሞ የአሜሪካ የሕክምና ጄኔቲክስና ጂኖሚክስ ኮሌጅ፣ አብሮ የተወለደ የአካል ጉድለት ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሕፃናት የኤክሶም ወይም የጂኖም ንባብ የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ደረጃ ምርመራ ሆኖ እንዲታዘዝ በጥብቅ መከረ። ይህ ጽሑፍ በተለይ የ2014ቱንና የ2021ዱን ሰነዶች ይመለከታል። ሁለቱም ሰነዶች በጥንቃቄ የተዘጋጁና ለተጻፉላቸው ሐኪሞች የሚጠቅሙ ናቸው። ጥያቄዬ ከተጻፉበት ሀገር ውጪ ሲነበቡ ምን ይሆናሉ የሚል ነው።

የማነብባቸው ከቦዲቲ ነው። ቦዲቲ በወላይታ ዞን የዳሞት ጋሌ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከሶዶ በስተሰሜን በመኪና መንገድ ላይ ትገኛለች። ይህችን ከተማ የመረጥሁት፣ አንገቱ ያልጠናለትን ወይም በጊዜው ያልተናገረውን ልጇን ታቅፋ የምትመጣው እናት መጀመሪያ የምትደርሰው ወደ እንዲህ ያለ ቦታ በመሆኑ ነው። ሶዶ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ ገንዘብ ካገኘች ነው። ስለዚህ መመሪያው ለሚያዘው ነገር ሁሉ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጠው በቦዲቲ ያለው የጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው።

በቅድሚያ ለሰነዶቹ የሚገባቸውን እንስጥ። የቀድሞው የክሮሞዞም ቆጠራ፣ ዳውን ሲንድሮምንና መሰል በዓይን የሚታወቁትን ስናስቀር፣ መንስኤ ያገኝ የነበረው በመቶ 3 ያህል በሚሆኑ ሕፃናት ላይ ብቻ ነበር። ማይክሮአሬይ ይህን ወደ 15 እና 20 በመቶ አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተና ደግሞ የኤክሶም ንባብ የነርቭ ዕድገት መዛባት ካለባቸው ሕፃናት መካከል በ36 በመቶው ላይ መንስኤ እንደሚያገኝ አሳይቷል። ይህ ታላቅ እመርታ ነው። መንስኤው የታወቀለት ልጅ ከማያስፈልግ ተደጋጋሚ ምርመራ ይድናል፤ ቤተሰቡም «ቀጣዩስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። አልፎ አልፎ ደግሞ ሕክምና ያለው በሽታ ይገኛል። ይህን የሚያቃልል ትችት ዋጋ የለውም።

ይሁን እንጂ ሰነዶቹ የቆሙበት መሠረት በጽሑፉ ውስጥ ብዙም አይታይም። ያ መሠረት የጨቅላ ሕፃናት አጠቃላይ የደም ምርመራ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ እያንዳንዱ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ ተወስዶ ለታይሮይድ ጉድለትና ለሌሎች ሕክምና ላላቸው በሽታዎች ይመረመራል። ዕድገቱ የዘገየ የሁለት ዓመት ልጅ ሐኪም ፊት በሚቀርብበት ጊዜ እነዚህ መንስኤዎች ከሞላ ጎደል ተጣርተዋል ማለት ነው። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ይህን ቅድመ ሁኔታ በግልጽ አስቀምጦት ነበር፤ የጨቅላ ምርመራ ባለበት ቦታ የታይሮይድ ምርመራ ምልክት ሳይኖር ለሁሉም ማዘዝ አያስፈልግም፣ በሌለበት ግን ይታሰብበት የሚል ነበር። የ2021ዱ ሰነድ ርእሱ የኤክሶምና የጂኖም ንባብ ብቻ ስለሆነ ወደዚህ ጉዳይ የሚገባበት ምክንያት የለውም። እርሱን ብቻ ያነበበ ወጣት ሐኪም ግን የመጀመሪያው ደረጃ ምርመራ የዘረ-መል ንባብ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በሀገራችን ለሁሉም ጨቅላ የሚዳረስ እንዲህ ያለ ሀገር አቀፍ ምርመራ የለም። የታይሮይድ ጉድለት ምርመራው በሚደረግባቸው ሀገሮች ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ በሚሆኑ ሕፃናት መካከል በአንዱ ላይ ይገኛል። መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ርካሽ እንክብል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከተጀመረ የልጁ አእምሮ በአብዛኛው እንደ እኩዮቹ ያድጋል፤ በዓመቱ ከተጀመረ የጠፋው አይመለስም። እንቅርት ለረጅም ዘመን የታወቀ ችግር በሆነበት፣ የጨው አዮዲን ግዴታም እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ በሕግ በጸናበት አካባቢ ይህ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። የተራዘመ ቢጫነት፣ የሆድ ድርቀት፣ የእምብርት እብጠት፣ ትልቅ ምላስና ሻካራ ለቅሶ ያለበት ጨቅላ ቦዲቲ ላይ ሲታይ፣ ሊታዘዝ የሚገባው ምርመራ ወደ ባሕር ማዶ የሚላክ የዘረ-መል ናሙና ሳይሆን ሶዶ ወይም ሐዋሳ ሊደርስ የሚችል የታይሮይድ ደም ነው። ከታይሮይድ ጋር አብሮ የሚጠየቀው ታሪክም ዘረ-መል አይደለም፦ ምጡ ስንት ሰዓት ፈጀ? ሕፃኑ ወዲያው አለቀሰ? ቢጫነቱ ዓይኑንና እግሩን ያዘ? ማጅራት ገትር ወይም ከባድ ወባ ታሞ ነበር?

ስለ አካል ጉድለቶችም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም እዚህ ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። የ2021ዱ ሰነድ አብሮ የተወለደን የአካል ጉድለት ወደ ዘረ-መል ንባብ የሚያስገባ በር አድርጎ ይወስደዋል። በሀገራችን በጥናት ደጋግሞ ጎልቶ የወጣው ከባድ ጉድለት ግን የኅብለ ሰረሰርና የራስ ቅል አለመዘጋት ነው። በአዲስ አበባ ሦስት ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ10 ሺህ ወሊዶች መካከል 126 እንዲህ ያለ ጉድለት አግኝቷል፤ በትግራይ ሆስፒታሎች የተካሄደው ደግሞ 131። እነዚህ የሆስፒታል ቁጥሮች በመሆናቸው ከመላው ኅብረተሰብ ጋር ሲነጻጸሩ ከፍ ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ቢሆንም ዱቄታቸውን በፎሊክ አሲድ ካበለጸጉት ሀገሮች ቁጥር ብዙ እጥፍ መሆናቸው አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ ሁሉ ባለበት ስፓይና ቢፊዳ ላለበት የቦዲቲ ሕፃን የኤክሶም ንባብ የመጀመሪያ ደረጃ ነው ማለት፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ቆሞ የግድግዳውን ቀለም እንደ መምረጥ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይኖርብናል፤ ምክንያቱም ችግሩ «ፎሊክ አሲድ ስጡ» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ለደም ማነስ ጠቃሚ ነው፤ እርሷ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ስታደርግ ግን ለነርቭ ቱቦው ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ነው መፍትሔው በምግብ ውስጥ መግባት ያለበት። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትንና የምግብ ዘይትን ማበልጸግ ግዴታ ያደረጉ ደረጃዎችን አጽድቃለች፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በ2023 ስፓይና ቢፊዳን ለመከላከል ምግብ እንዲበለጽግ ውሳኔ አሳልፏል። ነገር ግን የዳሞት ጋሌ ገበሬ ቤት የሚበላው በአብዛኛው እንሰት፣ በቆሎና ስኳር ድንች ነው። በቆሎው የሚፈጨው በሰፈር ወፍጮ ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣ የስንዴ ዱቄት ለከተማው ዳቦ ቤት ካልሆነ በስተቀር እምብዛም አይደርሰውም። በየቤቱ የሚገባ የጋራ ነገር ቢኖር ጨው ነው። ስለሆነም በአዮዲን ጨው ላይ ፎሊክ አሲድ መጨመር ይቻላል የሚለው ሐሳብ ለወላይታ ከስንዴው ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል።

አንባቢ «ጸሐፊው የዘረ-መል ሳይንስን ለገጠሩ አይመለከተውም እያለ ነው» እንዳይለኝ ወደ ሌላ ጉዳይ ልለፍ። ወላይታ ለሕክምና ጄኔቲክስ እንግዳ አይደለችም። እዚህ ዞን ውስጥ የተሠራው የፖዶኮኒዮሲስ ጥናት ከአፍሪካ ከወጡት የዘረ-መል ጥናቶች መካከል በስም የሚጠራ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ የእግር ዝሆኔ የምንለው፣ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚመጣ እብጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ውስጥ ከመቶ 5.46 ሰው እንደሚጠቃ አሳይቷል። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም በ2007 በቁጥር ተረጋገጠ፤ የመወረስ ድርሻው 63 በመቶ ያህል ሲሆን የታማሚ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2012 ደግሞ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረው፣ በ202 ቤተሰቦችም የተረጋገጠው ጥናት መንስኤውን የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን ከሚመሩ ዘረ-መሎች ጋር አያያዘ። ይህም ሆኖ መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው።

ለእኛ ርእስ ትምህርቱ ያለው በጥናቱ ውጤት ላይ ብቻ አይደለም፤ ከጥናቱ በፊት በተደረገው ነገር ላይም ጭምር ነው። ተመራማሪዎቹ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ በወላይታ ሕዝብ መካከል አጠኑ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ያገኙት ነገር ለማንኛውም የጄኔቲክስ ሐኪም መነበብ የሚገባው ነው። በሽታው በዘር ይመጣል የሚለው እምነት ቀድሞውኑ በኅብረተሰቡ ውስጥ ነበረ፤ የታማሚ ቤተሰብ ልጆችም በዚሁ ምክንያት ለትዳር ይገፉ ነበር። የጥናቱ ቡድን «በዘር ስለሚተላለፍ ነገር ልንመረምራችሁ ነው» ብሎ ቢገባ ኖሮ ያንኑ መገለል በሳይንስ ስም ያጸናው ነበር። በኋላም በዞኑ ውስጥ በተሠሩ የትምህርት ሥራዎች፣ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ቆዳው ለአፈሩ ያለው ተጋላጭነት እንደሆነ ለማስረዳት ተሞክሯል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው አባባል ሰውየውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ጫማ እንዲገዛ ያነሣሣዋል።

የ2014ቱና የ2021ዱ ሰነዶች ስለ ምክር አገልግሎትና ስለ ፈቃድ ይናገራሉ፤ ሆኖም የሚያስጨንቃቸው በአብዛኛው ያልተጠበቀ ግኝት ነው፤ ማለትም ስለ አንድ ነገር ሲመረመር ስለ ሌላ በሽታ የሚታወቅ ነገር። በቦዲቲ የሚያስጨንቀው የተጠበቀው ግኝት ነው። ችግሩ ከቋንቋችን ይጀምራል። «ጂን» የሚለውን ቃል የሳይንስ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «በራሂ»፣ ክሮሞዞምን ደግሞ «ሐብለ በራሂ» ብለውታል፤ እኛ ሐኪሞች ግን «ዘረ-መል» ማለትን መረጥን። በዚህ ጽሑፍም ያው ልማድ ተከትያለሁ። ዘር የሚለው ቃል ግን በአማርኛ ትውልድን፣ ጎሳን፣ የእህል ዘርን፣ የቤተሰብንም ክብር ሁሉ ይዞ ይመጣል። በወላይትኛ ለሚያስተረጉም ነርስ «የልጅሽ ችግር የዘር ነው» ብለን ስንሰጠው፣ እናቲቱ ዘንድ ሲደርስ «ካንቺ ወገን የመጣ ነው» ሆኖ ሊደርስ ይችላል። የአማቷን ቤት ጓዳ የምታውቅ ሴት ይህ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች። በእውነቱ ግን ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ሕፃናት መካከል በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው የዘረ-መል ለውጥ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ እንጂ ከአባትም ከእናትም ያልተወረሰ ነው። «የዘረ-መል ለውጥ» እና «በዘር የመጣ» የሚሉትን መለየት ስላልቻልን ብቻ ንጹሕ ሰው ይወቀሳል።

ሌላው መነሣት ያለበት ነጥብ የንባቡ ትርጉም ነው። የዘረ-መል ንባብ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ የተገኘው ለውጥ በሽታ አምጪ መሆኑን ለመወሰን በብዙ ጤነኛ ሰዎች ዘንድ ምን ያህል እንደሚገኝ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያ ሆነው የሚያገለግሉት ክምችቶች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያዊ ልጅ ውጤት «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ተብሎ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የሚያሳዝነው ነገር የወላይታ ሰዎች ጂኖም አለመነበቡ አይደለም፤ ተነብቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ከወላይታ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሞ፣ ከሶማሌና ከጉሙዝ የተወሰዱ የ125 ኢትዮጵያውያንን ጂኖም አንብቧል፤ ዓላማውም የሰው ልጅ ከአፍሪካ በየት በኩል እንደወጣ ለማወቅ ነበር። ጥያቄው ክቡር ነው። የታመመ ልጅ ውጤት ለመተርጎም ግን ከየሕዝቡ ሃያ አምስት ሰው አይበቃም፤ ሺዎች ያስፈልጋሉ። ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ ናሙና ወደ ውጭ ቢልክና «ትርጉሙ ያልታወቀ» የሚል ወረቀት ቢመጣለት፣ ያንን ወረቀት የሚያስረዳው ማን ነው?

እንግዲህ ቦዲቲ ላይ ምን ይሠራ? መልሱ የሚገኘው በራሳቸው በሰነዶቹ ውስጥ ነው፤ ብቻ ወጣቱ ሐኪም ወደ ማሽኑ ለመድረስ ዘልሎት በሚያልፈው ገጽ ላይ። የ2014ቱ መግለጫ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ሥራ በፊት የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ታሪክ፣ ሙሉ የአካል ምርመራና የነርቭ ምርመራ ይደረግ ይላል። ይህ ወረቀት፣ እርሳስና የልብስ ሰፊ ሜትር እንጂ ሌላ አይጠይቅም። የራስ ዙሪያ ልኬት በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ላይ ሲሰፍር ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው፤ የራሳቸው መጠን ትንሽ የሆነ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ቤት ውስጥ ከተገኙ ከማንኛውም ማሽን በፊት ነገሩ ተነግሮናል ማለት ነው።

የቤተሰብ ታሪኩ ግን የአካባቢውን ባህል ማወቅ ይጠይቃል። በወላይታ ጎሳ በአባት የሚቆጠር ሲሆን ከራስ ጎሳ ማግባት ክልክል ነው። ስለዚህ «ተዛምዳችሁ ነው የተጋባችሁት?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም ፈጣን «አይደለም» ያገኛል፤ ጥያቄው ነውር ከመሆኑም በላይ በጎሳ ሕግ መሠረት መልሱ እውነት ነው። በእናት በኩል ያለውን ዝምድና ግን ይህ መልስ አይነካም። የባልና የሚስት እናቶች ከየትኛው ቀበሌና ከየትኛው ቤት እንደመጡ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሞተው የተወለዱትም ይቆጠሩ፤ «ስንት ልጅ አለሽ?» የሚለው ጥያቄ አያወጣቸውም።

ዳውን ሲንድሮም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጁን ያየ የሠለጠነ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም። የክሮሞዞም ቆጠራው የሚጠቅመው በመቶ 4 ያህል የሚሆኑትንና ከወላጅ ሊወረስ የሚችለውን የክሮሞዞም መተሳሰር ለመለየት ነው፤ ይህም ገና ሌላ ልጅ ለማምጣት ለሚያስቡ ወላጆች ትልቅ ቁም ነገር ነው። ለልጁ ራሱ ግን የሚያስቸኩለው ልቡ ነው፤ ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ጉድለት አለባቸው። ቀጥሎ ታይሮይዱና ጆሮው ይታያሉ። የክሮሞዞም ወረቀት እስኪመጣ ተብሎ የልብ አልትራሳውንዱ ከዘገየ፣ መመሪያውን አክብረን ልጁን ጎድተናል።

የእናቲቱ ጥያቄ፣ «ቀጣዩስ?» የሚለው፣ ያለ ማሽን ጨርሶ መልስ የለውም ብሎ ማሰናበት ስንፍና ነው። ነፃ በሆነው የዳውን ሲንድሮም ዓይነት የመደገም ዕድሉ ለወጣት እናት 1 በመቶ ያህል ነው። ከአንድ የነርቭ ቱቦ ጉድለት በኋላ ከ2 እስከ 5 በመቶ ሲሆን፣ ይህንንም በፎሊክ አሲድ መቀነስ ይቻላል። ከሁለቱም ወላጆች በእኩል የሚወረስ በሽታ መሆኑ በታሪኩ ከታየ 25 በመቶ ነው። ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ጤነኛ ልጅ እንደሚወለድ የተነገራት እናትና «ምክንያቱ አልታወቀም» የተባለች እናት ወደ ቤታቸው የሚሄዱት በተለያየ ልብ ነው።

«ይህ ለድኻ የድኻ ሕክምና ማዘዝ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። እኔ ግን እዚህ የምለው የዘረ-መል ምርመራ ቦዲቲ አይድረስ አይደለም፤ ከታይሮይዱ፣ ከፎሊክ አሲዱና ከልቡ በፊት አይድረስ ነው። እነዚህ ተጣርተው ታሪኩ ወደ ዘር የሚያመለክት ልጅ፣ ለምሳሌ ሁለት የታመሙ ወንድማማቾች፣ በእናት ወገን ያሉ አጎቶቹ ጡንቻቸው ደክሞ የሞቱበት ወንድ ልጅ፣ ወይም የተማረውን ቋንቋና እርምጃ መልሶ የሚያጣ ሕፃን፣ ለኤክሶም ንባብ ከማንም ቀድሞ ሊታጭ ይገባዋል። የምርምር ተቋሞቻችን ናሙና በሚሰበስቡበት ጊዜ ሁሉ ለእነዚህ ቤተሰቦች ውጤት የመመለስን ግዴታ በውሉ ላይ ቢያሰፍሩ፣ የ2015ቱ ዓይነት ጥናት ለዳሞት ጋሌም ትርፍ ይኖረው ነበር።

የ2021ዱን ሰነድ ያነበበ ሰው የመዝገብን ነገር ዘንግቶ አያልፍም፤ መልስ ያላገኘ የዘረ-መል ንባብ ከጊዜ በኋላ እንደገና ሊታይ ይችላልና። ይህ የሚሆነው ታሪኩ የሚቀመጥበት ቦታ ሲኖር ነው። በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራማችን እያንዳንዱ አባወራ በጤና ኬላ ውስጥ የቤተሰብ ማኅደር እንዲኖረው ተደርጓል፤ አሁን በየቦታው ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ እየተቀየረ ያለው ይኸው ነው። በማኅደሩ ውስጥ የውኃው፣ የሽንት ቤቱና የክትባቱ ነገር ስፍራ አለው። የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ሐረግ የሚሣልበት ገጽ ግን የለውም። የራስ ቅሉ ሳይዘጋ ቤት ውስጥ ሞቶ ተወልዶ በዚያው ቀን የተቀበረው ሕፃንም ካርድ አልወጣለትም። ቀጣዩን እርግዝና ለመጠበቅ በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ግን የእርሱ ነገር ነው።